ድምፄ በጋሼ አንጓ ላይ

ላፕቶፔን የገዛሁት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ግማሹ ቁልፍ አይሠራም፤ ባለሱቁም አልደበቀኝም። ካሜራው ግን ደኅና ነበር። ሌላ ኪቦርድ ከምገዛ ቁልፍ የሚባለውን ነገር ጭራሽ ትቼ መጻፍ እችል እንደሆነ ልሞክር አልሁና፣ እጅን በካሜራ የሚከተል ነፃ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አገኘሁ። ፕሮግራሙ እጅ ሲያይ ሃያ አንድ ነጥብ ይተክልበታል፤ በየጣቱ አንጓ፣ በየጣቱ ጫፍ፣ አንዱን ደግሞ መዳፍ ከክንድ በሚጋጠምበት ቦታ። ጣት ሲንቀሳቀስ ነጥቡ አብሮ ይንቀሳቀሳል። የቀረው የእኔ ሥራ ነበር፤ የትኛው እንቅስቃሴ ፊደል እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ እንዲሁ የጣት እንቅስቃሴ እንደሆነ መለየት። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርሁት ነገር የለም፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየተሳሳትሁ ነው የለመድሁት። ከሁሉም ያስቸገረኝ ይኸው መለየት ነው። እስካሁንም አልጨረስሁትም።

የምኖረው ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ፣ የአንድ ባልና ሚስት ቤት ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ዘመዶቼ አይደሉም። በዲቪ ስመጣ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም፤ ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ቆሜ ሲያዩኝ ሰውየው «ቤዝመንታችን ባዶውን ነው» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እላለሁ። ጋሼ ያን ጊዜ ከአየር ማረፊያው ወደ ሆቴሎቹ ሻትል ይነዱ ነበር። እኔ መጋዘን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ባለው ሺፍት ስለምሠራ፣ ጠዋት ጠዋት የኩሽናው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ ባዶውን እንጨት አንኳኳለሁ።

«ይህ ልጅ ምን ነካው?» አሉ እትዬ አንድ ቀን። «ላፕቶፑን ከፍቶ ጠረጴዛዬን ይደበድብልኛል።»

«እየጻፍሁ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ላይ?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

እትዬ ወደ ሳሎን ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ኢንሹራንሳችን ለእብደትም ይከፍላል? ኮል አድርገህ ጠይቅልኝ።»

ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «እስቲ እንደምን አደርሽ በላት» አሉኝ። ጻፍሁ። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ አነበቡላቸውና፣ «ጠረጴዛሽ እንኳን ሰላም ይልሻል፤ አንቺ ትሳደቢያለሽ» አሉ። እሳቸውም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ለመሞከር ጣታቸውን አነሡ። ፕሮግራሙ ነጥቦቹን ተከለባቸው። የአውራ ጣታቸው ነጥብ ግን አልቆም አለ፤ እንደ ዝንብ ክንፍ ይርገበገባል። የመስኮቱ ብርሃን መስሎኝ መጋረጃውን ሳብ አደረግሁት። ከዚያ የካሜራውን ቅንብር ነካካሁ። አልተስተካከለም፤ ተውሁት።

ከወራት በኋላ የመኪና ቁልፍ ከእጃቸው እየወደቀ አስቸገራቸው። ሐኪሞቹ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው አሉ። እግራቸው ሄደ። ከዚያ ንግግራቸው ተጎተተ፤ አፋቸው ውስጥ ምግብ ይዘው የሚናገሩ ይመስል ነበር። ከዚያ እሱም ቀረ።

ሆስፒታሉ ዓይንን እየተከተለ የሚጽፍ መሣሪያ ሰጥቷቸው ነበር። የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ጋሼ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ግን የሻትል እንግሊዝኛ ነው፤ ሻንጣ ስንት እንደሆነና የትኛው ተርሚናል እንደሆነ ለመጠየቅ የሚበቃ። እትዬ መሣሪያውን ሁለት ቀን አይተው መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት። «ባሌን በእንግሊዝኛ አላገባሁትም» አሉ።

እንዲህ ሆነን መግባባት ይቻል ነበር፤ ግን በግማሽ። አዎ ለማለት ጋሼ ቅንድባቸውን ያነሣሉ፤ ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ ሁላችንም የምናደርገው ነው። እምቢ ለማለት ግን ምላስን መምታት ወይም ራስን መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ምላሳቸውም አንገታቸውም አይታዘዝም። እትዬ «ውሃ ላምጣልህ?» ብለው ቅንድቡ ሳይነሣ ሲቀር፣ አልፈለጉም ይሁን፣ ደክሟቸው ይሁን፣ አልሰሙም ይሁን አይታወቅም። አዎ መልክ ነበረው። እምቢታ መልክ አልነበረውም።

የጠረጴዛው ኪቦርድ ለእሳቸው አይሆንም፤ ጣት ማንሣት አይችሉም። አንድ ጠዋት ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ቀኝ እጃቸው ትራሱ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ፣ ከትንሿ ጣት ሥር ተነሥቶ ወደ ሌባ ጣት ጫፍ ቀስ እያለ ይሄዳል። አርባ አንዱን ኪርያላይሶን እየቆጠሩ ነበር። መቁጠሪያቸውን መያዝ ሲያቅታቸው ወደ ጣታቸው ተመልሰዋል፤ ሲሞላላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይከፍታሉ። አራት ጣት፣ በያንዳንዱ ሦስት አንጓ። እጃቸው ላይ የተዘጋጀ ኪቦርድ ነበር፤ ጣታቸውም መንገዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

በገመድ የሚሰካ ትንሽ ካሜራ ገዝቼ በጠረጴዛ መብራት ክንድ ላይ አስሬ ከእጃቸው በላይ ሰቀልሁት። በየአንጓው ላይ አንድ ቃል አስቀመጥሁ፤ ውሃ፣ አዙሩኝ፣ በረደኝ፣ አክታ፣ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ እንዲህ እንዲህ። አንደኛው አንጓ ፊደል ይከፍታል፤ ፊደሎቹ በስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ሲያልፉ የፈለጉት ሲደርስ ይነካሉ። ሌላው አንጓ ማሽኑን ያስተኛል፤ ሲጸልዩ እንዳይናገር። ቃሎቹ በድምፅ እንዲወጡ የሰው ድምፅ መቅዳት ነበረብኝ። እትዬን ጠየቅሁ።

«በገዛ ድምፄ ገልብጭኝ እያልሁ ራሴን ላዝዝ?» አሉ። «ራስህ ቅዳው።»

እኔ ቀዳሁት። ከቤዝመንት ሆኜ ድምፄን ከላይ ስሰማ መጀመሪያ ሰሞን እደነግጥ ነበር። ድምፄ «አዙሩኝ» ይላል፤ የእትዬ እግር ይረማመዳል፤ ደግሞ ድምፄ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። በሕይወቴ የዚያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ በፊደሉ መጀመሪያ የጻፉት ዐረፍተ ነገር «ሾርባው ጨው የለውም» የሚል ነበር። እትዬ አንብበው፣ «ዝም ሲል ይሻል ነበር» አሉና ወደ መታጠቢያ ቤት ገብተው ብዙ ቆዩ።

ክረምቱ ሲገባ አውራ ጣቱ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የትንሿ ጣት ሥር አልደረስ አላቸው። እዚያ የነበረውን ቃል ወደ ቀለበት ጣት አዛወርሁት። ከዚያ የትንሿ ጣት መካከል ጠፋ፤ የእሱንም ቃል አዛወርሁ። ሊፈርስ ካለ ቤት ሰው ወደ ደኅናው ክፍል እንደሚሸሽ፣ ቃሎቹ ወደ ሌባ ጣት እየተጠጉ ተጣበቡ። ለመጫን ጉልበት ስላነሳቸው፣ ጣት አንጓው ላይ መቆየት ያለበትን ጊዜ አሳጠርሁት። የሚያስተኛውንም አንጓ አነሣሁት፤ ሳያስቡት እየነኩት መካከል ላይ ድምፃቸው ይዘጋ ነበርና። እያንዳንዱን ለውጥ ያደረግሁት በቂ ምክንያት ኖሮኝ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ግን አልፈተንሁም።

ትንፋሻቸው ሲያጥር ዶክተሩ ጠራን። እትዬ ተሽከርካሪ ወንበሩን ገፉ፤ እኔ ካሜራውን የወንበሩ ክንድ ላይ አሰርሁና በሩ አጠገብ ቆምሁ። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ ድምፁ ትልቅ ሰው ይመስላል። ዶክተሩ በጥቂት ቃል ጠየቀ። የአስተርጓሚው ረዘመ።

«አባቴ፣ እንግዲህ ሁሉን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ዶክተሩ የሚሉት፣ ድንገት ትንፋሽ እያስቸገረ ከሄደ፣ አንገት ላይ ቱቦ ገብቶ ማሽን እንዲተነፍስልዎ ይፈልጋሉ ወይ ነው። ቱቦው ከሌለ… ያው፣ ከባድ ነው የሚሆነው ነው የሚሉት።»

እትዬ መሬት መሬት ያያሉ። በእኛ ቤት በሽተኛ ፊት ሞት አይነሣም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የሚሰሙ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ የእኔ ድምፅ ጮክ ብሎ «አልፈልግም» አለ።

ከማሽኑ ነው የወጣው። እኔ አፌን አልከፈትሁም።

«ማነው የመለሰው?» አለ አስተርጓሚው። «ልጃቸው ነህ?»

ዶክተሩ የታካሚው መሣሪያ እንደሆነ አስረዳው፤ ከዚያ ወደ ጋሼ ጎንበስ አለ። አስተርጓሚው «መልስዎ ይህ ነው ወይ ይላሉ» አለ። ጋሼ ዓይናቸውን ከፍተው ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግርምት ነው። ጥቂት ቆይተው ቅንድባቸውን አነሡ። ዶክተሩ ትከሻቸውን ዳሰሰና ጻፈው።

ጋሼ ቤት እንደገቡ ፊደሉን ከፈቱ። እስኪጨርሱ እትዬ ምሳ ሠርተው ቀዝቅዞ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ለምኜ ተመለሰልኝ» የሚል ነው።

እትዬ ወደ ኩሽና ጎትተው አስገቡኝና በሩን ዘጉ። «ያ እምቢታ የአንተ ነው ወይስ የእሱ?»

ፕሮግራሙ የቀኑን የእጅ ነጥቦች ያስቀምጣል፤ ስህተት እንዳርምበት ያደረግሁት ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ አብረን አየን። በጥቁሩ ስክሪን ላይ እጅ የለም፤ ነጥቦች ብቻ ናቸው። የአውራ ጣቱ ነጥብ ከአንጓ ወደ አንጓ በተራ ይሄዳል፤ እየዘለለ ቃል የሚፈልግ ጣት እንዲህ አይሄድም። እየቆጠሩ ነበር። ምን ልመልስ ብለው እየለመኑ ነበር። የቀለበት ጣት መካከል ሲደርስ ነጥቡ ቆመ። ሊመርጥ አልነበረም፤ ደክሞት ነው የቆመው። አንጓው ላይ ያለው ቃል «አልፈልግም» ነበር፤ እዚያ ያዛወርሁት እኔ ነኝ። ድካምን ከፈቃድ የሚለይበት ነገር ለማሽኑ አልሰጠሁትም።

«ስለዚህ እሱ አላለም» አሉ እትዬ።

«ጣታቸው አላለም። በኋላ ግን ቅንድባቸውን አነሡ።»

«እግዜር የመለሰለት መስሎት ነዋ! ምን ያድርግ? ለአምላኩ እምቢ ይበል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሂድ ንገረው።»

«እርስዎ ቢነግሯቸው አይሻልም?»

«እኔ ብነግረው ለራሴ ብዬ ይመስለዋል። አንተ ነህ የሠራኸው። አንተ ስትናገር ያምንሃል።»

ለራሳቸው ብለው እንደሆነም እንዳልሆነም አላውቅም። ሁለቱም የሚሆን ይመስለኛል። ገብቼ አልጋው አጠገብ ተቀመጥሁና ነጥቦቹ ያደረጉትን በተራ ነገርኋቸው፤ ያሳጠርሁትን ጊዜ፣ ያነሣሁትን ማስተኛ፣ ያዛወርሁትን ቃል። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ፊደል ከፈቱ። እኔ ሺፍቴ ሊያመልጠኝ ነበር፤ አልተነሣሁም። ጻፉ፦

«ታዲያ ማን መለሰ»

«ማንም አልመለሰም፣ ጋሼ። ስህተት ነው። የእኔ ስህተት።»

አላዩኝም። ከእጃቸው በላይ የተሰቀለውን ካሜራ አዩ። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ «አጥፋው» ብለው ጻፉ፤ ገመዱን ነቀልሁት።

እንደገና መቁጠር ጀመሩ። አውራ ጣቱ ግን ያን ቀን ብዙ ሠርቷል፤ መጀመሪያው አንጓ እንኳ አልደርስ አለው። እትዬ ከበሩ መጥተው ተንበረከኩና አውራ ጣታቸውን በሁለት ጣት ይዘው ከአንጓ ወደ አንጓ መሩት። ኪርያላይሶኑን የሚሉት እሳቸው ነበሩ፣ ጮክ ብለው። የሚቆጥረው የማን ጣት እንደሆነ ከተቀመጥሁበት መለየት አልቻልሁም። አርባ አንዱ ሲሞላ እትዬ ጣቱን ሳይለቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ጠይቀው። ያለ ማሽን።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ሰውየው አዎ ብቻ ማለት የሚችል ከሆነ ጥያቄው ሁለቴ መጠየቅ አለበት፤ አንዴ ይፈልጋሉ ወይ፣ አንዴ አይፈልጉም ወይ። ለአንደኛው ቅንድብ ተነሥቶ ለሌላው ካልተነሣ፣ መልስ ተገኘ ማለት ነው። ለሁለቱም ከተነሣ ግን መልስ የለም። በተለይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቅንድባቸው ሳይጠየቁም ይነሣ ነበርና።

«ጋሼ፣ ቱቦው እንዲገባልዎ ይፈልጋሉ?»

እትዬን አዩ። ደረታቸው ወጣ፣ ወረደ። ቅንድባቸው ተነሣ።

«ጋሼ፣ ቱቦው…»

እትዬ እጅጌዬን ያዙኝ። «መለሰ እኮ። ምን ትነዘንዘዋለህ?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ተነሣሁ።

ወዲያው ሆስፒታሉን ኮል አደረግን። ያን ሰሞን የትንፋሻቸው ማጠር እየባሰ ስለነበር ቀን የሚሰጥ ጉዳይ አልነበረም። ነርሷ አስተርጓሚ አስገባች፤ የዚህኛው ድምፅ ወጣት ነበር፣ ቸኩሏል። «መልሱን መቀየር ይቻላል ትላለች፤ ግን ከራሳቸው መስማት አለባት። ባለፈው የተናገሩበት መሣሪያ አለ አይደል?»

ካሜራውን መልሼ ሰካሁ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጥሁት። ጋሼ አውራ ጣታቸውን ወደ ሌባ ጣት፣ «እፈልጋለሁ» ወደሚለው አንጓ ለመውሰድ ሞከሩ። በስክሪኑ ላይ ነጥቡ ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ደግመው ሞከሩ። ወይም ጣቱ እንዲሁ ተንቀጠቀጠ።

«ሃሎ?» አለ አስተርጓሚው። «ታካሚው አሉ? እየጠበቀች ነው።»

እትዬ አዩኝ። ከዚያ ማሽኑን አዩ፤ ከዚያ መልሰው እኔን። ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እኔም እዚያው ደርሻለሁ። ድምፁ አንድ ነው። በስልክ ለሚሰማ ሰው ማሽኑና እኔ አንድ ነን። ጋሼ እኔን ያዩኝ ነበር፤ ቅንድባቸው ተነሥቶ እዚያው ቀርቷል።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አልሁና «እፈልጋለሁ» አልሁ። ማሽኑ እንደሚለው፣ ሳልቸኩል፣ ድምፄ ሳይወጣ ሳይወርድ።

አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ነርሷ አመሰገነች።

ሆስፒታልም ደግመው ጠየቋቸው፤ የቀዶ ጥገናውን ክፍል በር አልፈው ከመግባታቸው በፊት። «ይፈልጋሉ?» ነው ያሏቸው። ቅንድብ ተነሣ። ሌላ ጥያቄ የጠየቀ የለም።

አሁን ቤቱ ውስጥ የትንፋሽ ማሽኑ ይተነፍሳል። ቤዝመንት ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ሳብ ያደርጋል፣ ይለቃል። አውራ ጣታቸው ከቆመ ቆይቷል። ካሜራውን ግን እትዬ አታውርደው ስላሉኝ እዚያው አለ፤ ስከፍተው ፕሮግራሙ እጁን ያያል፣ ነጥቦቹን በየአንጓው ይተክላል፣ ከዚያ ምንም። ከቤተ ክርስቲያን ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች «ጋሼ፣ ተመስገን ነው?» ይሏቸዋል። ቅንድባቸው ይነሣል፤ ሰዎቹም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እትዬም ቀኑን ሙሉ ሲጠይቁ በአዎ የሚመለስ ብቻ ነው የሚጠይቁት። «ተኛህ ወይ? ተመቸህ ወይ? ደኅና ነህ አይደል?» ቅንድባቸው የማይነሣባቸው ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት እትዬ ደክሞት ነው ይላሉ።

ትናንት ጠዋት እትዬ ልብስ ወደ ማጠቢያው ሊያወርዱ ቤዝመንት ወረዱ። ከጋሼ ጋር ብቻችንን ቀረን። እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ አይገኝም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም፤ ቅንድባቸው ዝቅ እንዳለ ነበር። ያን ቀን ያልጨረስሁትን ሁለተኛውን ጥያቄ ቃል በቃል አዘጋጅቼዋለሁ፤ አጭር ነው፣ የሚያሻማ ነገር የለውም። አፌን ከፈትሁ።

«በረደዎት እንዴ፣ ጋሼ?» አልሁ።

ቅንድባቸው አልተነሣም። ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳብሁላቸው። ቢሆንም ማየታቸውን አልተዉም፤ እትዬም ደረጃውን እየወጡ ነበር።